ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የትንሹ ነጋዴ ጉዳይ

በአገራችን የኢኮኖሚ አሳብ ታሪክ ውስጥ እንደ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በአጭር ዕድሜ ብዙ ያሰበ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። በ33 ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ ሲያርፉ ትተውልን የሄዱት ሁለት ጽሑፎች ብቻ ናቸው። የማኅበራችን አባላት አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቋቸው በአገሮች መካከል ስለሚደረገው የንግድ ልውውጥ በጻፉት ነው። ይሁን እንጂ እኚህ ሰው በማዕረጋቸው ነጋድራስ፣ በሥራቸውም የጉምሩክ ሹም እንደ ነበሩ ብዙ አይታሰብም። ከትንሹ ነጋዴ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቀረጥ የሚያስከፍሉ ሹም ነበሩና፣ ይህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን የሚመለከተው ከዚህ ወገን ነው።

ገብረ ሕይወት የተወለዱት በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አካባቢ ማይ ምሻም በተባለ ስፍራ ነው። አባታቸው በ1881 ዓ.ም. ከአፄ ዮሐንስ ጋር በመተማ ጦርነት ስለ ወደቁ፣ ሕፃኑ ያደገው ጦርነትና ረሀብ አገሩን ባራቆቱበት ዘመን ነበር። ገና በልጅነታቸው ወደ ባሕር ጠረፍ ወርደው በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ከሚገኘው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም ከጓደኞቻቸው ጋር ምጽዋ ላይ በቆመ መርከብ ተሸሽገው ወደ አውሮፓ ተሻገሩ። የመርከቡ አዛዥ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ አደራ ስለ ሰጧቸው በዚያ አድገው ጀርመንኛ ተማሩ፤ በኋላም በበርሊን የሕክምና ትምህርት ተከታተሉ።

ወደ አገራቸው ተመልሰው በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ታመው በቤተ መንግሥቱ ሽኩቻ በበረታ ጊዜ ግን ከአገር ወጥተው በእንግሊዝ ትገዛ ወደ ነበረችው ሱዳን ሄዱ። አፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተሰኘው የመጀመሪያ ጽሑፋቸው እ.ኤ.አ. በ1912 አስመራ ላይ በስዊድን ሚስዮን ማተሚያ ቤት ታተመ። በዚህ ጽሑፍ የመንግሥት ገንዘብ ከንጉሡ የግል ገንዘብ እንዲለይ፣ ግብር የተወሰነና የታወቀ እንዲሆን፣ በአገሩ የሚዘዋወረው የገንዘብ ዓይነት አንድ እንዲሆን፣ የጉምሩክም ሥራ በሥርዓት እንዲቋቋም አሳሰቡ።

እነዚህ አሳቦች የቤተ መንግሥት ጉዳይ ብቻ ሊመስሉ ይችላሉ። በዚያ ዘመን በገበያና በመንገድ የነበረውን ሁኔታ ለሚያስብ ሰው ግን የትንሹ ነጋዴ የዕለት እንጀራ የተመሠረተባቸው ጉዳዮች ነበሩ። በሁለትና በሦስት አጋሰስ ጨው፣ ቡና ወይም ጥጥ ጭኖ ከገበያ ወደ ገበያ የሚዘዋወረው ሲራራ ነጋዴ በየወንዙ መሻገሪያና በየአገሩ ድንበር ኬላ ይጠብቀው ነበር። በአንዱ ኬላ የከፈለው ቀረጥ በሚቀጥለው ኬላ አያድነውም። ቀራጩ ከመንግሥት የተወሰነ ደመወዝ ስለማያገኝ ኑሮውን የሚያቆመው ከሚያስከፍለው ላይ ነበር። ስለዚህ ነጋዴው ከቤቱ ሲነሣ ትርፉን አስቀድሞ ማስላት አይችልም። ትርፉን ማስላት የማይችል ሰው ደግሞ ንግዱን ለማስፋት አይደፍርም፤ ያገኘውን ይቀብራል ወይም ይበላዋል።

የገንዘቡም ነገር እንዲሁ ነበር። በ1886 ዓ.ም. የምኒልክ ብር መቀረጽ ቢጀምርም የማርያ ቴሬዛን ብር ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። ለትንንሹ ግዢ የጨው አሞሌ ያገለግል ነበር፤ የአሞሌው ዋጋ ግን ከጨው ማውጫው በራቀ ቁጥር ይለዋወጣል። በአንዱ ገበያ የሸጠ ሰው በሌላው ገበያ ሲገዛ ከመንዛሪው በታች ሆኖ ይገኛል። ለትልቁ ነጋዴ ይህ ጉዳት የሚቻል ሲሆን፣ ለቸርቻሪው ግን መነሻውን የሚያጠፋ ነበር።

ከነጋዴው ጎን ባለ እጁ ነበረ። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ አገሩ ያለ እነርሱ መዋል የማይችል ሆኖ ሳለ በቡዳነት እየታሙ ይናቁ ነበር። ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር የሚያስረዳው አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነው። በዚሁ ዓመት ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው የንግድ ውል ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ በጠቅላላው ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ወሰነ። የውጭው ነጋዴ በዓለም አቀፍ ውል የታጠረ ቀረጥ ሲኖረው፣ የአገሩ ሲራራ ነጋዴ እንዲህ ያለ ወሰን የሚያበጅለት አልነበረም።

ገብረ ሕይወት ከስደት ተመልሰው የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬ ዳዋ ነጋድራስ ሆነው በተሾሙ ጊዜ ይህን ሁሉ በዓይናቸው የሚያዩበት ስፍራ ተቀመጡ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ድሬ ዳዋ ደርሶ ነበርና የአገሩ ቡናና ቆዳ የሚወጣው፣ የውጭው ጨርቅና ቁሳቁስ የሚገባው በዚያች ከተማ ነበር። ነጋድራስ የሚለው ስም በመነሻው የነጋዶች ራስ፣ የሲራራው መሪ ማለት ነው። በኋላ ግን የመንግሥት ቀረጥ ሰብሳቢና የነጋዶች ዳኛ መጠሪያ ሆነ። የነጋዴው አለቃ የነበረው ማዕረግ ከነጋዴው ላይ የሚያስከፍል ማዕረግ ሆነ ማለት ነው። የጉምሩክ አሠራር እንዲለወጥ የጻፉት ሰው የተሾሙት በዚሁ ማዕረግ ነበር።

በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ማተሚያ ቤት የታተመው መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው ሁለተኛው መጽሐፋቸው እንዲህ ካለው ኑሮ የተገኘ ነው። የመጽሐፉ መሠረታዊ አሳብ የሀብት ምንጭ መሬት ብቻ ሳይሆን በዕውቀት የሚመራ ሥራ መሆኑ ነው። ለም መሬት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ድሀ ሆኖ ይኖራል፤ ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ቀን የሠራውን ዕቃ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በብዙ ቀን ድካም ባፈራው ምርት ይለውጣል። በዚህም ልውውጥ የደካማው ሥራ ወደ ብርቱው ይፈሳል። ጦርነትም ትውልድ ያጠራቀመውን ጥሪት በአጭር ጊዜ ስለሚያወድም ሠራተኛው ዘወትር ከባዶ ይጀምራል።

የነጋድራስ ገብረ ሕይወትን ክርክር ከሌሎች የዘመኑ ጸሐፍት የሚለየው ድህነትን በሠሪው ስንፍና አለማሳበቡ ነው። ትንሹ ነጋዴና ባለ እጁ የማያድጉት ያፈሩትን የሚያስተማምን ሥርዓት፣ የታወቀ ግብር፣ የጸና ገንዘብና የሥራ ዕውቀት ስላላገኙ ነው። እነዚህን የማሟላት ግዴታ የመንግሥት ነው። ሠራተኛው ተርፎት እንዲያጠራቅም ካልተደረገ መንግሥቱም የሚሰበስበው አይኖረውም።

የአገር ውስጥ ኬላዎች በሕግ የቀሩት እርሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የትንሹ ነጋዴ ጉዳይ ግን ከኬላዎቹ ጋር አብሮ አላለቀም። በ1990 ዓ.ም. የጥቃቅንና አነስተኛ የንግድ ሥራዎች ልማት ስትራቴጂ ሲወጣ መንግሥት ይህን ዘርፍ የሥራ ዕድል ምንጭ አድርጎ ተቀበለው። ሆኖም በ2009 ዓ.ም. ክረምት ዓመታዊ ገቢያቸው እስከ 500,000 ብር በሆነ የደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች ላይ የዕለት ገቢ ግምት በተጣለ ጊዜ በብዙ ከተሞች ቅሬታ ተነሣ፤ ሱቆችም ተዘጉ። የጠቡ መነሻ ግብር መኖሩ ሳይሆን ግብሩ የተሰላበት መንገድ ለከፋዩ አለመታወቁ ነበር። ይህ የሲራራው ነጋዴ የጥንት አቤቱታ ነው። የጉሊት ቸርቻሪዋና በመንገድ ዳር የምትነግደው እናት ዛሬም ሒሳብ ሲሠሩ መደባቸው ነገ ይነሣ እንደ ሆነ አብረው ማሰብ አለባቸው።

እኛ የሙያ ባልደረቦች አብዛኛውን ጊዜ የምንቀመጠው ከጠረጴዛው በወዲያኛው ወገን ነው። ግብር የምንገምት፣ ብድር የምንፈቅድ፣ መመሪያ የምናረቅቅ፣ ስለ ኢመደበኛው ዘርፍ ጥናት የምናቀርብ እኛው ነን። ነጋድራስ ገብረ ሕይወትም የተቀመጡት በዚያው ወገን ነበር። ከዚያ ሆነው ግን በኬላው የቆመውን ሰው ሒሳብ ከራሱ ከነጋዴው ቦታ ሊያዩት ሞክረዋል። መታሰቢያቸውን ማክበር የምንችለው መጽሐፋቸውን በማመስገን ብቻ አይደለም። እያንዳንዳችን መመሪያ ላይ ፊርማችንን ከማኖራችን በፊት፣ ሁለት አጋሰስ ብቻ ያለው ሰው በዚህ መመሪያ ትርፉን አስቀድሞ ማስላት ይችል እንደ ሆነ ብንጠይቅ የሥራቸው ወራሾች እንሆናለን።