ዱክ ኤሊንግተንና ወደ ዳካር የተሻገረው የሙዚቃ ጓድ

የጃዝ ሙዚቃን ታሪክ የሚመረምር ሰው ሁሉ ዱክ ኤሊንግተን ከሚባለው ስም ጋር ሳይገናኝ አያልፍም። ብዙዎቻችን ግን ፒያኖ መቺ እንደ ነበረ ብቻ ነው የምናውቀው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው፥ ዋናው መሣሪያው ፒያኖው ሳይሆን አብረውት የሚዞሩት ዐሥራ አምስት ያህል ሙዚቀኞች እንደ ነበሩና፥ እነርሱንም ይዞ የአፍሪካን ምድር እስኪረግጥ ድረስ ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ ነው። ዓመተ ምሕረቱ፥ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኤድዋርድ ኬኔዲ ኤሊንግተን ኤፕሪል 29 ቀን 1899 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ ከጥቁር አሜሪካውያን ወላጆች ተወለደ። አባቱ በባለጸጎች ቤት አሳላፊ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ግብዣ ሲኖር በፕሬዚዳንቱ መኖሪያ በኋይት ሐውስ ያገለግል ነበር። ይህን አንባቢው በልቡ ያኑረው። እናቱ ዴዚ ልጅዋን እንደ ዓይንዋ ብሌን ትጠብቀው ስለ ነበረ ገና ሕፃን ሳለ የፒያኖ አስተማሪ ቀጠረችለት፤ እርሱ ግን በዚያን ጊዜ ከፒያኖው ይልቅ ኳስ ይወድ ነበር። አለባበሱ ያማረ፥ አነጋገሩም የታረመ ስለ ነበረ አንድ ጓደኛው ዱክ ብሎ ጠራው፤ በእኛ ቋንቋ መስፍን እንደ ማለት ነው። ስሙም በዚያው ጸና።

በሥዕልም ተሰጥዎ ስለ ነበረው በኒው ዮርክ በታወቀ የሥዕል ትምህርት ቤት በነጻ እንዲማር ዕድል ቢያገኝ ሳይቀበለው ቀረ። (ይህን የጻፍሁት ጓደኞቼ እንዲከተሉት አይደለም።) ቀን የማስታወቂያ ሰሌዳ እየጻፈ፥ ማታ ፒያኖ እየመታ ኑሮውን መሠረተ። ለዳንስ ምሽት ማስታወቂያ ሊያሠራ የሚመጣውን ሰው ሙዚቃውን ማን እንደሚጫወትለት ይጠይቀው ነበር፤ ሰውየው ገና አልተዋዋልሁም ያለው እንደ ሆነ ሥራው ሁለት ሆነለት ማለት ነው።

በ1923 ዓ.ም. ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። በ1927 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር በሐርለም ሠፈር በሚገኘው በኮተን ክለብ ጓዱን ይዞ ገባ። የዚህ ቤት ነገር የሚያስገርም ነው፤ የሚጫወቱትና የሚጨፍሩት ጥቁሮች ሲሆኑ ተቀምጦ ለማየት የሚፈቀደው ግን ለነጮች ነበር። ይሁን እንጂ ሙዚቃው ከዚያ ቤት በራዲዮ ይተላለፍ ስለ ነበረ በሩ የተዘጋበት ሕዝብም በየቤቱ ሆኖ ይሰማው ነበር። የኤሊንግተን ስም በአገሩ ሁሉ የተሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ባሕር ተሻግሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄደው በ1933 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ነበር። በዚያ የሙዚቃ ሐያስያን ድርሰቱን እንደ ከፍተኛ ጥበብ ቈጥረው መረመሩት። ወደ አገሩ ሲመለስ ግን በደቡብ ክፍለ ሀገሮች ጥቁር የሚቀበል ሆቴል ስለማይገኝ፥ ጓዱ የምኝታ ሰረገላ ተከራይቶ በባቡር ጣቢያ ያድር ነበር። በለንደን ሲጨበጨብለት የከረመ ሰው በአገሩ አልጋ ሲነፈገው ምን እንደሚሰማው አንባቢው ራሱ ይገምት።

አሁን ስለ አሠራሩ ትንሽ ልናገር፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነውና። ሌሎች ደራሲዎች በኖታው ወረቀት ላይ አንደኛ ጥሩምባ፥ ሁለተኛ ጥሩምባ ብለው ሲጽፉ፥ ኤሊንግተን የሚጽፈው የተጫዋቹን ስም ነበር። የእያንዳንዱን ሰው ትንፋሽ፥ ጉልበትና ድካም ያውቅ ስለ ነበረ ዜማውን ለሰውየው ልክ ይሰፋለት ነበር። ስለዚህ ሰዎቹ ከእርሱ አልተለዩም፤ ባሪቶን ሳክስፎን የሚነፋው ሐሪ ካርኒ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሊንግተን እስኪሞት ድረስ አብሮት ኖረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትላልቆቹ የዳንስ ጓዶች ወጪው ከብዷቸው ሲበተኑ፥ እርሱ ከድርሰቶቹ የሚያገኘውን ገንዘብ ለሙዚቀኞቹ ደመወዝ እየከፈለ ጓዱን አቆየ። ሌሊት የጻፈውን በማግሥቱ በጆሮው መስማት ይፈልግ ነበርና።

በ1965 ዓ.ም. የፑሊትዘር የሙዚቃ ዳኞች ለረጅም ዘመን ሥራው ልዩ ክብር እንዲሰጠው ሐሳብ ቢያቀርቡ የበላይ ቦርዱ እንቢ አለ፤ ከዳኞቹም ሁለቱ በዚህ ተቈጥተው ለቀቁ። ኤሊንግተን በ66 ዓመቱ ዕድል ገና በልጅነቱ ዝና እንዳይበዛበት የተጠነቀቀለት እንደሚመስል ተናግሮ በቀልድ አለፈው። ክብሩ የተሰጠው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ እርሱ ከሞተ 25 ዓመት ሆኖት ነበር።

በተከለከለ በዓመቱ፥ በኤፕሪል 1966 ዓ.ም.፥ የሴኔጋል ፕሬዚዳንትና ባለ ቅኔ ሌኦፖልድ ሴዳር ሴንጎር በዳካር ከተማ የመጀመሪያውን የዓለም የጥቁር ሕዝቦች የጥበብ በዓል አደረጉ። ሴኔጋል ነጻ ከወጣች ገና ስድስት ዓመት መሆኑ ነው። ከአፍሪካ ከየማእዘኑ፥ እንዲሁም አያቶቻቸው በባርነት ከተወሰዱባቸው ከውቅያኖስ ማዶ አገሮች ባለ ቅኔዎች፥ ቀራጮች፥ ዘፋኞችና ተወዛዋዦች ተሰበሰቡ። ከአሜሪካ ከመጡት መካከል ባለ ቅኔው ላንግስተን ሒዩዝና ኤሊንግተን ከነጓዱ ነበሩበት።

ኤሊንግተን ከዚያ በፊት ስለ አፍሪካ ብዙ ጽፏል፤ በ1947 ዓ.ም. እንኳ ለላይቤሪያ መቶኛ ዓመት የላይቤሪያ መንግሥት አዞት ረጅም ድርሰት ደርሷል። ነገር ግን አንዱንም የአፍሪካን ምድር አይቶ አልጻፈውም። ለዳካር በዓል ውቢቱ አፍሪካዊት የሚል ትርጕም ያለው አዲስ ሙዚቃ አዘጋጀ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሩቁ ሲያስባት ለኖረችው አህጉር፥ እዚያው በመሬትዋ ላይ ቆሞ አሰማት። እኔ እንደሚመስለኝ ለአንድ ደራሲ ከዚህ የሚያስፈራ ፈተና የለም፤ የሳለውን መልክ ለባለ መልኩ ማሳየት ነውና።

በ1969 ዓ.ም. 70 ዓመት ሲሞላው ፕሬዚዳንት ኒክሰን በኋይት ሐውስ ግብዣ አድርገው የአገሪቱን ታላቅ የሲቪል ኒሻን ሸለሙት። አባቱ ሳሕን ይዞ በቆመበት ቤት ልጁ የክብር እንግዳ ሆነ።

ወደ እኛም አገር መጥቷል። በኅዳር 1966 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፥ ጓዱን አስከትሎ አዲስ አበባ ገባ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን ሸለሙት፤ በዚያን ጊዜ ገና ወጣት የነበሩት ሙላቱ አስታጥቄም ከእርሱ ጋር ተገናኝተው ለጓዱ ሙዚቃ አቀናበሩ። የኢትዮጵያ ቅኝት በኤሊንግተን ሰዎች ትንፋሽ ተሰማ ማለት ነው። እንግዳው ግን የሳንባ ካንሰር ይዞት ነበር፤ ከስድስት ወር በኋላ፥ ሜይ 24 ቀን 1974 ዓ.ም.፥ በኒው ዮርክ ሞተ። ለቀብሩ ሥነ ሥርዓት 12,000 ያህል ሕዝብ ተሰበሰበ። ሐሪ ካርኒም በዚያው ዓመት ተከተለው።

የጓዱን መሪነት ልጁ ሜርሰር ወረሰ። አባቱ ከሞተ ሳይሰነብት ቀጠሮ ስለ ነበራቸው፥ ሙዚቀኞቹን ይዞ ባሕር ተሻግሮ ወደ ቤርሙዳ ሄደ።