አንቶዋን ዳባዲና የምድር መግነጢሳዊ መስክ
አንቶዋን ዳባዲ በኢትዮጵያ ጥናት መስክ የሚታወቀው የግዕዝ ብራናዎችን በመሰብሰቡ፣ በ1881 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላትና በካርታ ሥራው ነው። የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ለመለካት የደከመው ድካም ግን እምብዛም አይወሳም። ይሁን እንጂ ሳይንሳዊ ሕይወቱ የጀመረው ከዚሁ ጥያቄ ነበር። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

መግነጢሳዊ መስክ ማለት ማግኔት ወይም የኤሌክትሪክ ጅረት በዙሪያው ባለው ስፍራ ኃይሉን የሚያሳርፍበት ክልል ነው። የምድር መስክ ዋነኛ ምንጭ በውስጧ የሚዘዋወረው ቅልጥ ብረት ሲሆን፣ የላይኛው ቅርፊት ዓለቶችና በከፍተኛው ከባቢ አየር የሚፈሱ ጅረቶች የየራሳቸውን ድርሻ ያክሉበታል። ስለሆነም መስኩ ከቦታ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከሰዓት ሰዓትና ከዘመን ዘመን ይለያያል።

ዳባዲ በ1810 ደብሊን ውስጥ ከባስክ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወልዶ በፈረንሳይ አደገ። በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ወደ ብራዚል ላከው። የኮምፓስ መርፌ በየዕለቱ ጥቂት ወዲያና ወዲህ እንደምትል፣ የእንቅስቃሴዋም አቅጣጫ በሰሜንና በደቡብ ንፍቀ ክበብ ተቃራኒ እንደሆነ በዚያ ዘመን ታውቆ ነበር። በሁለቱ መካከል ባለው ሞቃታማ ቀጠና የሚሆነው ግን ገና መመርመር ነበረበት።

በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ደረሰ። እስከ 1840ዎቹ መጨረሻም በጎንደር፣ በጎጃም፣ በእናርያና በከፋ ተዘዋወረ። ለካርታው መሠረት ያደረገው በቴዎዶላይት የተለኩ ማዕዘኖችንና የሰማይ አካላትን ምልከታ ነበር። ምርጫው ለአገሩ የተገባ ነበር፤ የሰሜን ምዕራብ ደጋ በአብዛኛው የለበሰው የባዛልት ዓለት ማግኔታይት የተሰኘውን ማዕድን ስለሚይዝ፣ በአንዳንድ ስፍራ ኮምፓስን ሊያስት ይችላል።

ወደ አውሮፓ ከተመለሰ በኋላ እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ ከፋ ደረስሁ ማለቱን ሐሰት ነው ሲል በይፋ ከሰሰው። የተጓዡ ክብር ብቻ ሳይሆን የልኬቶቹ ሁሉ ተአማኒነት አጠያያቂ ሆነ። ዳባዲ ከ1860 እስከ 1873 ምልከታዎቹን ከነስሌታቸው በኢትዮጵያ ጂኦዴሲ መጽሐፉ አወጣ። ስሌቱን መርምሮ ያሰናዳው ሮዶልፍ ራዶ ነበር። በ1873 ደግሞ በብራዚልና በኢትዮጵያ ያደረጋቸውን የምድር ፊዚክስ ምልከታዎች አሳተመ። ማንም አንባቢ ቁጥሮቹን እንደገና ማስላት ስለቻለ፣ የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች ፍርድ ለእርሱ አደላ።

በ1867 የአካዳሚው አባል፣ በ1892 ፕሬዚዳንት ሆነ። በስተርጅናውም ወደ ምሥራቅ አገሮች ተጉዞ መግነጢሳዊ ልኬት ወሰደ። የአማርኛ ጽሑፎች ያጌጡትን የአንዳይ ቤተ መንግሥቱን ከነኮከብ መመልከቻው ለአካዳሚው አውርሶ በ1897 አረፈ።

ተጓዥ ሊሰጥ ያልቻለው በአንድ ስፍራ ሳይቋረጥ የሚካሄድ ልኬት ነው። ዳባዲ ከኢትዮጵያ ሲወጣ አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም፤ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ግን በ1958 በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ መግነጢሳዊ መመልከቻ ሥራ ጀመረ። ከተማዋ ኮምፓስ ወደ ታች ሳያዘቅዝ አግድም ከሚቆምበት መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ናት። በዚህ ወገብ ላይ፣ ከምድር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በቀን ጊዜ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። የዕለቱ የመስክ ለውጥ ጎልቶ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በ1836 ለቀረበው ጥያቄ ከመልሶቹ አንዱ ይኸው ነው።

የመስኩ ለውጥ በከተማይቱ ምሥራቃዊ ክፍልም ተግባራዊ ፋይዳ አለው። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ማኮብኮቢያዎች ጫፍ የተጻፉት 07 እና 25 የተሰኙ ቁጥሮች፣ ወደ 70 እና 250 ዲግሪ የሚጠጉ መግነጢሳዊ አቅጣጫዎችን ያመለክታሉ። መስኩ በዓመታት ውስጥ በበቂ መጠን ሲዛነፍ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች መለወጥ ይኖርባቸዋል። ያለፈን ቀን መስክ ተመልሶ መለካት ስለማይቻል፣ ለውጡን የሚያሳየው ተመዝግቦና ለምርመራ ክፍት ሆኖ የቆየ ልኬት ብቻ ነው። የዳባዲ ሥራ ዋጋም ከዚህ ላይ ነው።