ፋኒ ፋርመር

ፋኒ ሜሪት ፋርመር (እ.ኤ.አ. ከማርች 23 ቀን 1857 እስከ ጃንዋሪ 16 ቀን 1915) አሜሪካዊት የምግብ ዝግጅት አስተማሪና ደራሲ ነበረች። በይበልጥ የምትታወቀው በ1896 ባሳተመችው «የቦስተን የምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት የምግብ መጽሐፍ» ነው። በዚህ መጽሐፍ አማካኝነት አፉ በቢላ የተስተካከለ ኩባያና ማንኪያ በአሜሪካ ቤቶች የተለመደ መለኪያ እንዲሆን አድርጋለች። በዚህ ገጽ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ሕይወት

ፋኒ የተወለደችው በማሳቹሴትስ ግዛት በቦስተን ከተማ ሲሆን ያደገችው በአቅራቢያው በምትገኘው ሜድፎርድ ነው። አባቷ ጆን ፍራንክሊን ፋርመር የማተሚያ ሥራ ባለሙያ ነበር። ከአራት እህትማማቾች የመጀመሪያዋ ስትሆን፣ ወላጆቿ ሴት ልጆቻቸው እንዲማሩ ይፈልጉ ስለነበር ኮሌጅ ትገባለች ተብሎ ይጠበቅ ነበር።

ይሁን እንጂ በ16 ዓመቷ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ድንገተኛ ሕመም ሽባ አደረጋት። ለበርካታ ዓመታት መራመድ አልቻለችም፤ ትምህርቷም በዚያው ተቋረጠ። በቤት በቆየችባቸው ዓመታት ወደ ምግብ ሥራ አዘነበለች። ቤተሰቡ ተከራዮችን ከነምግባቸው ማስተናገድ ሲጀምርም የቤቱ ማዕድ በጣፋጭነቱ ታወቀ። ከጊዜ በኋላ መራመድ ብትችልም ማነከሷ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ አልተዋትም።

በምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት

ፋኒ በ30 ዓመቷ ገደማ በቦስተን የምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት ተመዘገበች። ይህ ትምህርት ቤት በ1879 የተከፈተ ሲሆን፣ ከተግባር ሥልጠናው ጋር ስለ ምግብ ይዘት፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ቤት አያያዝ ያስተምር ነበር። በ1889 ከተመረቀች በኋላ በረዳትነት እዚያው ቀረች፤ ቀጥሎም ዋና ኃላፊ ሆነች።

መጽሐፉ

በ1896 የመጽሐፉን ረቂቅ ይዛ ወደ ሊትል፣ ብራውን አሳታሚ ድርጅት ሄደች። ድርጅቱ መጽሐፉ ይሸጣል ብሎ ስላላመነ የማተሚያውን ወጪ ራሷ እንድትሸፍን ጠየቃት፤ የመጀመሪያው ኅትመትም 3,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ወጪውን የሸፈነችው እሷ በመሆኗ የባለቤትነት መብቱ በእጇ ቀረ። መጽሐፉ ተወዳጅ ሆኖ በተደጋጋሚ ሲታተም ትርፉም ለእሷ ሆነ።

መጽሐፉ 1,849 የምግብ አሠራሮችን የያዘ ሲሆን፣ ስለ ምግቦች ይዘትና ምግብ ሲበስል ስለሚደርስበት ለውጥም ያብራራል።

የመለኪያ ዘዴው

ከዚያ በፊት ብዙ የምግብ አሠራሮች የሚጻፉት በግምት ነበር፦ አንድ እፍኝ ዱቄት፣ የእንቁላል ያህል ቅቤ፣ ሞላ ያለ ማንኪያ ስኳር። እናቷ አጠገብ ቆማ ለተማረች ሴት ይህ በቂ ነው። ከቤተሰቧ ርቃ ብቻዋን ጎጆ ለወጣች ግን እፍኙ የማን እጅ እንደሆነ አይታወቅም። ወጥ ሲሠራ ጨው ቢያንስ እየተቀመሰ ይጨመራል፤ ኬክ ወይም ብስኩት ግን አንዴ ምድጃ ከገባ አይታረምም። ቤኪንግ ፓውደሩ ከበዛ ይመራል፣ ዱቄቱ ከበዛ ይደርቃል።

ፋርመር ኩባያንና ማንኪያን በመለኪያነት የፈለሰፈች አይደለችም። የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ኃላፊ ሜሪ ሊንከን ከእሷ በፊት ባሳተመችው መጽሐፍ በመለኪያ ትጠቀም ነበር። የፋርመር ድርሻ መለኪያው ሁልጊዜ ልሙጥ እንዲሆን ማጽናቷ ነው። ዱቄቱ አስቀድሞ ይነፋል፣ በማንኪያ እየተጨለፈ ኩባያው ውስጥ ይደረጋል፣ ከአፉ በላይ የተረፈው በቢላ ይጠረጋል። ግማሽ ማንኪያ ሲፈለግ ልሙጡ ማንኪያ በቁመቱ በቢላ ለሁለት ይከፈላል። 3 የሻይ ማንኪያ 1 የሾርባ ማንኪያ ይሆናል፤ 16 የሾርባ ማንኪያ ደግሞ 1 ኩባያ ይሞላል።

የምድጃ ሙቀት ግን በቁጥር አልተጻፈም። በዘመኑ የነበሩት በእንጨትና በድንጋይ ከሰል የሚነዱ ምድጃዎች በአብዛኛው የሙቀት መለኪያ ስላልነበራቸው፣ መጽሐፉ ሙቅ፣ መካከለኛ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ምድጃ እያለ ይገልጻል።

መክሰሶችና መጋገሪያዎች

መጽሐፉ የኒው ኢንግላንድን የቤት ምግብ ከሌሎች አገሮች ምግብ ጋር አቀላቅሎ አቅርቧል። ከእነዚህም መካከል ከቡና ጋር የሚበላው የጀርመን ዳቦ፣ የስዊድን ዳቦ፣ የፈረንሳይ ብሪዮሽና የቱርክ ፒላፍ ይገኙበታል። ከዋናው ምግብ በፊት ለሚቀርበው ደግሞ ካናፔን ያስተምራል። ይህም በስሱ በተቆረጠ ዳቦ ላይ ዓሣ፣ ቺዝ ወይም ሌላ ማባያ ተደርጎ የሚዘጋጅ ትንሽ ጉርሻ ነው።

የብራውኒ ታሪክም ከዚህ መጽሐፍ ጋር ይያያዛል። በ1896 እትም ብራውኒ የተባለው በሞላሰስ የተሠራና ቸኮላት የሌለው ትንሽ ኬክ ነበር። በ1906 እትም ግን በቸኮላት የሚሠራው ብራውኒ ገብቷል።

የራሷ ትምህርት ቤትና የሕሙማን ምግብ

በ1902 ፋርመር ከቦስተኑ ትምህርት ቤት ወጥታ የራሷን ከፈተች። የምታስተምረው ምግብ አብሳይ መሆን ለሚፈልጉ ብቻ ሳይሆን ለቤት እመቤቶችና ለነርሶችም ነበር። ወጣትነቷን በሕመም ያሳለፈችው ፋርመር የታማሚን አመጋገብ ከሥራዎቿ ሁሉ አብልጣ ትመለከተው ነበር። በ1904 ለሕሙማንና ለሚያገግሙ ሰዎች የሚሆን የምግብ መጽሐፍ አሳትማለች፤ በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤትም በዚሁ ጉዳይ ላይ ንግግር አድርጋለች። ከእህቷ ከኮራ ጋርም ለአንድ የሴቶች መጽሔት ለአሥር ዓመት ያህል ቋሚ አምድ አዘጋጅታለች።

የመጨረሻ ዓመታት

በሕይወቷ የመጨረሻ ዓመታት እግሮቿ እንደገና ስለከዷት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ ማስተማሯን ቀጠለች። የመጨረሻ ንግግሯን ያደረገችው ከመሞቷ አሥር ቀን ያህል ቀደም ብላ ነው። በ57 ዓመቷ በቦስተን አረፈች፤ የተቀበረችውም በማውንት ኦበርን መካነ መቃብር ነው።

ከእሷ በኋላ መጽሐፉን እህቷ ኮራ፣ ቀጥሎም የእህቷ ልጅ ሚስት ዊልማ ሎርድ ፐርኪንስ እያሻሻሉ አሳትመውታል። ዛሬ በአሜሪካ ወጥ ቤቶች የሚገኘው የመለኪያ ኩባያና ማንኪያ አጠቃቀም በአብዛኛው እሷ ያስተማረችውን ደንብ ይከተላል።