ሊነስ ፖሊንግ፡ ሁለት ኖቤል ያገኙት ሳይንቲስት እና የቫይታሚን ሲ ሙግታቸው

በናይሮቢም ሆነ በዱባይ፣ ገንዘብ የከፈለ ሰው እንደ ግሉኮስ በደም ሥር የሚሰጥ ቫይታሚን ማግኘት ይችላል። ድካም እንደሚያስወግድና ጉልበት እንደሚመልስ ይነገርለታል። ቫይታሚንን በብዛት መውሰድ ጤና ይሰጣል የሚለውን እምነት በማስፋፋት ረገድ የአሜሪካዊውን ኬሚስት የሊነስ ፖሊንግን ያህል ተሰሚነት የነበረው ሰው ጥቂት ነው።

ፖሊንግ እአአ በ1901 በኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ ተወለዱ። መድኃኒት ቀማሚ የነበሩት አባታቸው ሲሞቱ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። በ1939 ስለ ኬሚካዊ ትስስር ያሳተሙት መጽሐፍ የዘመናዊ ኬሚስትሪ ምሰሶ ሆነ። በ1949 ደግሞ በአፍሪካ በርካታ ሕፃናትን የሚያጠቃው ሲክል ሴል የተባለው የደም ሕመም ከሄሞግሎቢን መዛባት እንደሚመነጭ ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳዩ።

በ1954 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተሸለሙ። የኑክሌር ሙከራን በመቃወማቸው የ1962ቱ የሰላም ኖቤልም ተሰጣቸው። ሁለት የኖቤል ሽልማቶችን ከማንም ሳይጋራ የተቀበለ ሌላ ሰው እስካሁን የለም።

ከኬሚስትሪ ወደ ቫይታሚን

በ1966 ኢርዊን ስቶን ከተባሉ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ የደረሳቸው ደብዳቤ ቫይታሚን ሲን አብዝተው እንዲወስዱ መከራቸው። ምክሩን ተቀበሉ። በ1970 ቫይታሚኑ ጉንፋንን ይከላከላል የሚል መጽሐፍ ሲያሳትሙ ሕዝቡ ወደ መድኃኒት መደብሮች ጎረፈ። በርካታ ሐኪሞች ግን ማስረጃው በቂ አይደለም ሲሉ ተቃወሟቸው።

ፖሊንግ አላፈገፈጉም። ከስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዩዋን ካሜሮን ጋር ሆነው በ1976 ያሳተሙት ጥናት፣ በቀን 10 ግራም ቫይታሚን ሲ የተሰጣቸው 100 የካንሰር ሕሙማን ካልተሰጣቸው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ እንደኖሩ ገለጸ። ሕሙማኑ ግን በዕጣ የተመደቡ ስላልነበሩ ንጽጽሩ ጥያቄ አስነሳ።

ማዮ ክሊኒክ በ1979 እና በ1985 ይፋ ባደረጋቸው በዕጣ ድልድል የተካሄዱ ሙከራዎች ጥቅም አላገኘም። ፖሊንግ የሙከራዎቹን አካሄድ አጥብቀው ተቹ። በእርግጥ ካሜሮን ሕክምናውን የጀመሩት በደም ሥር ሲሆን፣ የማዮ ሕሙማን ግን የወሰዱት በአፍ ነበር። አንጀት የሚቀበለው መጠን ውስን በመሆኑ፣ በደም ሥር የሚሰጠው በደም ውስጥ እጅግ ከፍ ያለ ክምችት እንደሚፈጥር በኋላ ተረጋግጧል። ሆኖም ይህ ካንሰርን ይፈውሳል ማለት አይደለም፤ ለጤነኛ ሰው ጉልበት ይጨምራል ማለትም አይደለም።

ከሙግቱ የቀረው

ስለ ጉንፋን የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ፣ ቫይታሚኑን አዘውትሮ መውሰድ አብዛኛውን ሰው ከመያዝ አያድንም፤ የሕመሙን ጊዜ ግን በጥቂቱ ያሳጥራል። እንደ ማራቶን ሯጮች ከባድ የአካል ጫና ያለባቸው ሰዎች የተሻለ ጥቅም ታይቶባቸዋል። ይሁን እንጂ ስፖርተኞች ከሆስፒታል ሕክምና ውጪ በ12 ሰዓት ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች መድኃኒት ሕግ ተከልክለዋል። ትርፉ ቫይታሚን በሽንት የሚወጣ ቢሆንም፣ መጠኑ ሲበዛ የኩላሊት ጠጠር ሊያስከትል ይችላል።

ባለቤታቸው አቫ ሄለን በ1981 በጨጓራ ካንሰር አረፉ። በቀን እስከ 18 ግራም ይወስዱ የነበሩት ፖሊንግ ደግሞ በ1994፣ በ93 ዓመታቸው በፕሮስቴት ካንሰር ሞቱ። ደጋፊዎቻቸው ረጅም ዕድሜያቸውን፣ ተቺዎቻቸው የሞታቸውን ምክንያት በማስረጃነት ያነሳሉ። የአንድ ሰው ሕይወት ግን የመድኃኒትን ፍቱንነት አያረጋግጥም፤ ሁለት ኖቤልም ቢሆን የጥናትን ቦታ አይተካም።