ኤሚል ፊሸር፦ ቁልፉን ያገኘው፣ ሰንሰለቱን የተጠራጠረው

ለኢንዛይም ምላሽ ከሚሰጡ ፖሊመሮች መካከል የብዙዎቹ አሠራር ይህ ነው፦ ረጃጅም ሰንሰለቶችን አጭር ፔፕታይድ ያያይዛቸዋል፤ የታለመው ኢንዛይም ፔፕታይዱን ሲቆርጥ መረቡ ይላላል፣ በውስጡ የተያዘው መድኃኒትም ይለቀቃል። ኢንዛይሙ የሚቆርጠውን መርጦ የማወቁ ነገር ወደ ጀርመናዊው ኬሚስት ወደ ኤሚል ፊሸር ይመልሰናል።

ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1852 በኮሎኝ አቅራቢያ በምትገኘው ኦይስኪርሸን ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ንግዱን እንዲወርስ ቢሹም ልጁ ለንግድ አልሆነም። በቦን፣ ቀጥሎም በስትራስቡርግ በአዶልፍ ፎን ባየር ሥር ተምሮ በ1874 ዶክትሬቱን አገኘ። በማግስቱ ዓመት ያገኘው ፌኒልሃይድራዚን የስኳሮችን ምስጢር ከፈተለት፤ ጤናውን ግን ክፉኛ ጎዳው። በ1892 የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1902 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ለእኛ ዘርፍ ግን ከሽልማቱ ይልቅ የ1894 ሥራው ይበልጣል። ፊሸር በአተሞቻቸው ዓይነትና ብዛት አንድ የሆኑ፣ በአንዲት ቡድን አቅጣጫ ብቻ የሚለያዩ ሁለት የግሉኮስ ውህዶችን አዘጋጀ። የእርሾ ኢንዛይም አንደኛውን ሲሰብር ሌላውን አልነካም፤ ከአልመንድ ፍሬ የሚወጣው ኢሙልሲን ደግሞ የተገላቢጦሹን አደረገ። ኢንዛይምና ሰብስትሬት እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ሊገጥሙ ይገባል የሚለው ዝነኛ ምሳሌ የመጣው ከዚህ ነው። ምሳሌው በመማሪያ መጻሕፍት ሲደጋገም ሙከራው መዘንጋቱ ያሳዝናል።

ከዚያም አሚኖ አሲዶችን እርስ በርስ ማያያዝ ጀመረ። ከኤሚል አብደርሃልደን ጋር ሆኖ ሰው ሠራሽ ፔፕታይዶቹን በቆሽት ጭማቂ ፈተነ፤ ከፊሎቹ ተቆረጡ፣ ከፊሎቹ እንዳሉ ቀሩ። ልዩነቱን የወሰነው የአሚኖ አሲዶቹ ዓይነት፣ ቅደም ተከተልና የቅርጽ አቅጣጫ ነበር። ዛሬ ማያያዣ ፔፕታይድ የሚነድፍ ተማሪ የሚጠይቀው ጥያቄ ከዚህ የራቀ አይደለም።

በ1907 18 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሰንሰለት ሠራ፤ የሞለኪውል ክብደቱ 1,213 ነበር። የሚገርመው እዚህ ላይ መቆሙ ነው። የፕሮቲኖች ክብደት ከ5,000 እጅግ ይበልጣል የሚለውን ግምት እስከ መጨረሻው በጥርጣሬ ተመለከተው። በእጁ ባለው ንጹሕ ውህድ ብቻ መመስከርን ለለመደ ሰው ጥርጣሬው እንግዳ አልነበረም፤ ነገር ግን የእርሱ ክብር ለተቃዋሚዎች መከታ ሆነ።

ከሦስት ወንዶች ልጆቹ ሁለቱን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አጣ። እርሱም በጁላይ 1919 በርሊን ውስጥ አረፈ። በ1920 ሄርማን ስታውዲንገር ፖሊመሮች በእውነተኛ ኬሚካዊ ትስስር የተያያዙ ረጃጅም ሰንሰለቶች መሆናቸውን የሚሞግተውን ጽሑፉን አሳተመ።