ካዝናና ኪስ ይለያዩ ያሉት ነጋድራስ

ሰኔ ሲመጣ መንግሥት መሥሪያ ቤት አካባቢ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግርግር አለ። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። የተረፈ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፣ ለከርሞም አልፈለጋችሁትም ተብሎ ሊቀነስ ይችላል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በጀት የለም ሲል የከረመ ቢሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወንበር ይገዛል። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት (ስሙ ይቅር) በወጪ ቁጠባ ስም ጠመኔ ለመምህራን በቁጥር ይታደል ነበር። ሰኔ ላይ ግን ማንም ያልጠየቀው መጋረጃ ተገዛ። ያን ጊዜ ሳቅን። ለካስ የሚያስቅ አልነበረም፤ ቁጠባው የት እንደገባ የጠየቀ ሰው አልነበረማ!

ይሄን ጥያቄ በአገራችን ቀድመው በጽሑፍ ካነሱት ሰዎች አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። (ዓመቶቹ፣ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በስተቀር፣ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) በሐምሌ 1878 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ሻለቃ ባይከዳኝ የአፄ ዮሐንስ ሰው ነበሩ፤ በ1881 በመተማ ጦርነት ወደቁ። ልጁ ገና በጨቅላነታቸው ምፅዋ አጠገብ ወዳለው የስዊድን ሚሲዮን ሄዱ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ፊልም ይመስላል። መርከብ ላይ ተደብቀው ገቡ፣ ካፒቴኑ ለአንድ ኦስትሪያዊ ባለጸጋ ቤተሰብ ሰጣቸው፣ አድገውም በርሊን ሕክምና ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው የአፄ ምኒልክ አስተርጓሚና ጸሐፊ ሆኑ። ንጉሠ ነገሥቱ ሲታመሙ ቤተ መንግሥቱ በሽኩቻ ታመሰ፤ እሳቸውም ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

እ.ኤ.አ. በ1912 አፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው አስመራ ታተመ። ለወጣቱ ለልጅ ኢያሱ የቀረበ ምክር ነው ማለት ይቻላል። ከምክሮቹ ውስጥ እኔን የያዘኝ የገንዘቡ ነገር ነው። የንጉሡ የግል ሀብትና የመንግሥት ገቢ ይለያይ፣ ግብር ልኩ ታውቆ በገንዘብ ይከፈል፣ ሹምም ወታደርም ደመወዝ ይኑረው የሚል ነው ሐሳቡ። ዛሬ ላነበበው ሰው ተራ ነገር ይመስላል። ያን ጊዜ ግን መንግሥትን ከሥሩ ገልብጦ እንደ መሥራት ነበር።

ለምን ቢባል ወደ እኛው አገር መምጣት ይበቃል። ከዲጋ ተነስቶ ነቀምቴ የገባ ሰው የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ያውቀዋል፤ አሁን ሙዚየም ነው። ሌቃ ነቀምቴ ያን ጊዜ በራሷ ባላባት እየተዳደረች ግብሯን በቀጥታ ለምኒልክ ትልክ ነበር። ግብሩ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ነው። እዚያ ከተገኙት የድሮ ደብዳቤዎች ውስጥ ብዙዎቹ ይሄንኑ ግብር የሚመለከቱ ናቸው። እስቲ አሁን አንድ የሂሳብ መርማሪ እዚያ መሀል ቁጭ ብሏል እንበል። የዝሆን ጥርስን ከምን ጋር ደምሮ ከምን ይቀንሳል? የገባው ለመንግሥት ነው ወይስ ለጌታው? በሌላው የደቡብ አገር ደግሞ ወታደሩ ደመወዝ ስላልነበረው ገባር ይመራ ነበር። ገበሬው ያርስለታል፣ ይፈጭለታል፣ ይሸከምለታል። በመዝገብ ላይ ይሄ ወጪ የለም። ከሁሉ የበለጠው ወጪ ግን ይሄው ነበር።

ነጋድራሱ ያዩት ይሄን ይመስለኛል። ያልተቆጠረ ነገር አይቆጠብም። ገበሬው ያመረተው ሁሉ የሚነጠቅ ከሆነ ደግሞ የሚበላውን ያህል ብቻ ያርሳል፤ መንግሥትም ድሀ ሆኖ ይቀራል። ይሄን በሁለተኛው መጽሐፋቸው፣ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው፣ አስፍተው ጻፉት። እዚያ ንግድ አለ፣ ጉምሩክ አለ፣ የባቡር ሐዲድ አለ። ቡናና ቆዳ ልኮ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ለምን እንደማያድግም አለ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ጓደኞቼ የመጽሐፉን ስም እንኳ አለማወቃቸው ይገርመኛል።

ሐሳባቸውን በሥራ የመሞከር ዕድል ያገኙት ለጥቂት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 የጅቡቲው ባቡር ተቆጣጣሪ ሆኑ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ። ነጋድራስ የሚለው ማዕረግም ከዚያው ጋር ይሄዳል። ቦታው ቀላል አልነበረም፤ በባቡር የሚገባውና የሚወጣው ዕቃ ቀረጡ የሚከፈለው እዚያ ነበር። ለዘመኑ መንግሥት በጥሬ ገንዘብ የሚገባ ገቢ እንደልብ አልነበረም፣ ድሬዳዋ ግን ነበረው። በሰኔ 1911 ዓ.ም. ሞቱ፤ ገና 33 ዓመት ሊሞላቸው ነበር። የተወለዱት የበጀት ዓመት በሚጀምርበት ወር፣ የሞቱት በሚዘጋበት ወር መሆኑን ሳስተውል ፈገግ አልኩ። እሳቸው ግን ይሄን የበጀት ዓመት አያውቁትም።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። ነጋድራሱ ተስፋቸውን የጣሉት ባወቀና በነቃ ንጉሥ ላይ ነው። ንጉሡ ካዝናውን ከኪሱ ለይቶ ቢቆጥርስ፣ ቆጠራውን ማን ያየዋል? ገበሬው ተነስቶ የከፈልኩት ምን ላይ ዋለ ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ በጽሑፋቸው ውስጥ አላገኘሁም። በዘመኑ እንኳን ገበሬው መኳንንቱም አይጠይቁም ነበርና ብዙ አልፈርድባቸውም። ጋዜጠኝነት ለሚማር ሰው ግን ክፍተቱ እዚህ ጋ ነው።

ሁለተኛው መጽሐፍ የታተመው ከሞቱ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1916 አዲስ አበባ ነው። በሐምሌ 1923 የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የመንግሥት ገቢ በየዓመቱ በሚወጣ በጀት መሠረት ብቻ ወጪ እንዲሆን ደነገገ። ለልጅ ኢያሱ የተሰጠው ምክር በወረቀት ላይ ሕግ እስኪሆን ሃያ ዓመት ግድም ፈጀ ማለት ነው።

አሁን አንዳንድ ወረዳዎች በጀታቸውን ሕዝብ እንዲያየው ይለጥፋሉ። ለዘገባ ትምህርታችን አንዱን ቆሜ አነበብኩት። ዘርፉም ድምሩም በየተራው ተጽፏል። አጠገቤ የቆሙ አንድ አባት፣ ልጄ እስቲ የኛ ቀበሌ ትምህርት ቤት ስንት እንደደረሰው አንብቢልኝ አሉኝ። ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት፤ የተጻፈው የወረዳው ትምህርት ጠቅላላ ድምር ብቻ ነበር።