ቦብ ማርሌይና በጥፍሩ ሥር የተደበቀው በሽታ

በዓለም ዝናቸው ከገነነ ዘፋኞች አንዱ የነበረው ቦብ ማርሌይ በጃማይካ ደሴት፣ ናይን ማይል በምትባል መንደር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1945 ዓ.ም. ተወለደ። በልጅነቱ ወደ ኪንግስተን ከተማ ሄዶ ትሬንችታውን በተባለው የድኾች ሰፈር አደገ፤ ጥቂት ጊዜም የብረት ብየዳ ሥራ ተማረ። ዳሩ ግን ልቡ ወደ ዜማ ያዘነብል ስለ ነበር በ1963 ከጓደኞቹ ጋር የዘፈን ጓድ አቋቋመ፤ የሬጌንም ሙዚቃ ከደሴቲቱ አውጥቶ ለዓለም ካሰሙት ሰዎች ዋነኛው ሆነ።

ይህ ሰው ለኢትዮጵያ ባዕድ አልነበረም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ስለ ዘር እኩልነት የተናገሩትን ቃል በ1976 በዜማ አወጣው። በ1978ም ኢትዮጵያ ድረስ መጥቶ ሻሸመኔን ጎበኘ። ሻሸመኔን በረገጠ ጊዜ ግን ሕይወቱን የሚያሳጥረው በሽታ ከታወቀ አንድ ዓመት አልፎት ነበር።

ቦብ ማርሌይ እግር ኳስ እጅግ ይወድ ነበር። በ1977 ሲጫወት የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ተጎዳ፤ ቁስሉም አልድን አለ። በሽታውን ያመጣው የኳስ ምት ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ይወራል፤ ሐኪሞች መርምረው ያገኙት ግን በጥፍሩ ሥር የበቀለ፣ ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ነቀርሳ ነበር። ጣቱ እንዲቆረጥ መከሩት፤ እሱ ግን አካል መቁረጥን ከራስ ተፈሪያን እምነቱ ጋር የማይስማማ ሆኖ ስላገኘው እምቢ አለ። የታመመው ክፍል ብቻ ተነሥቶ ስፍራው ከሌላ የሰውነቱ ክፍል በተወሰደ ቆዳ ተሸፈነ፤ እሱም ወደ ዘፈኑና ወደ ጉዞው ተመለሰ።

በሴፕቴምበር 1980 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ሲሮጥ ወደቀ። ነቀርሳው ወደ አንጎሉ ዘልቆ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ በፒትስበርግ ከተማ የመጨረሻውን ዘፈን ዘፈነ። በኖቬምበር በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። በጀርመን አገር ለወራት ቢታከምም አልዳነም፤ ሜይ 11 ቀን 1981 በ36 ዓመቱ በማያሚ ዐረፈ።

ጥቁር ሰው የቆዳ ነቀርሳ አይነካውም የሚል አሳብ በብዙዎች ዘንድ አለ። እርግጥ ሜላኖማ የሚበዛው በነጮች ላይ ነው። ዳሩ ግን በጥቁር ሰው ላይ በተነሣ ጊዜ ፀሐይ እምብዛም በማይመታው ስፍራ፣ ይኸውም በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር መሆኑ ይበዛል። በዚያ ስፍራ ነቀርሳን የሚጠረጥር ሰው ስለሌለም ብዙዎች ወደ ሐኪም የሚሄዱት ዘግይተው ነው።

እንግዲህ ሊታወቁ የሚገባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው። በአንድ ጥፍር ላይ አዲስ ወጥቶ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ወይም ቡናማ መስመር፤ ከጥፍሩ አልፎ ወደ ዙሪያው ቆዳ የሚሻገር ጥቁረት፤ ያለ ምክንያት የሚሰነጠቅ ወይም የሚደማ ጥፍር፤ በውስጥ እግር ወይም በመዳፍ ላይ የወጣ፣ ዳር ዳሩ ያልተስተካከለ፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት ያልሆነ፣ ከ6 ሚሊሜትር የሚበልጥ ወይም የሚያድግ ነጥብ፤ እንዲሁም ሳምንታት አልፈው የማይድን ቁስል። በጥቁር ሰዎች ብዙ ጥፍሮች ላይ የሚታየው ቀጭን መስመር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም፤ የሚያሠጋው ለውጡ ነው። ቁርጡ የሚታወቀውም ሐኪም ከስፍራው ጥቂት ወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ነው።

በሽታው ገና ከቆዳው ላይ ሳለ ከተደረሰበት ተቆርጦ ይወገዳል፤ አብዛኛው ሰውም ይድናል። ስለዚህ ተማሪውም ሆነ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ እግሩን ሲታጠብ ጣቶቹንና ውስጥ እግሩን ይመልከት። በኳስ ወይም በጫማ ተመትቶ የጠቆረ ጥፍር ጥቁረቱ ጥፍሩ ሲያድግ አብሮ ወደ ጫፉ ይወጣል። ካልወጣ ግን ምቱ ነው ብሎ መተው አይገባም፤ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ማሳየት ነው።